ካምፓስን በወጉ መሰናበት፦ ከምረቃው ቀን በፊት ምን፣ መቼ፣ እንዴት?

ከአራት ዓመት የዶርም ጓደኛዬ ጋር የተሰናበትነው በመኪና መስኮት ነው። እኔ ጋውን ለብሼ፣ አበባ ታቅፌ፣ አጎቴ «እስቲ ቀና በል» እያለ ፎቶ ያነሳኛል። እሱ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ መኪናው ሲንቀሳቀስ አየሁት። እጁን በመስኮት አወጣ። እኔም አበባውን አወዛወዝኩለት። አለቀ። የዋዜማው ሌሊት «ነገ በደንብ እንሰናበታለን» ተባብለን ነበር የተኛነው።

ስህተታችን እሷ ናት። የምረቃ ቀን የቤተሰብ ቀን ነው። ጫማ የሚጠብበት፣ ስልክ ባትሪ የሚጨርስበት፣ «የት ናችሁ?» እየተባባሉ የሚዋልበት ቀን ነው። በዚያ ግርግር ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ መስጠት እንኳ ከባድ ነው። መሰናበት የፈለገ ሰው ሥራውን ቀድሞ መጨረስ አለበት። ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከምረቃው ስድስት ሳምንት አስቀድሞ ነው። ሦስት ሳምንት ብቻ የቀራችሁም አትደንግጡ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደረጃ ብቻ ብትሠሩ ብዙ ነው።

አንድ፦ የቀሯችሁን ምሽቶች ቁጠሩ

ስድስት ሳምንት 42 ምሽት ነው። ብዙ ይመስላል። አሁን ቀንሱ። የመመረቂያ ጽሑፉ 15 ምሽት ይበላል እንበል። ፈተና 10 ይወስዳል። ለክሊራንስ፣ ለሻንጣና ለድካም 4 ያዙ። እጃችሁ ላይ የቀረው 13 ነው። የእናንተን ቁጥር በራሳችሁ ካላንደር አውጡና ወረቀት ላይ ጻፉት። አልጋችሁ አጠገብ ለጥፉት።

«እንዲህ ከቆጠርኩማ ሆዴ ይባባል» የሚል አለ። እንዲያውም ተቃራኒው ሳይሆን አይቀርም። ጄይሚ ኩርትዝ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመችው ጥናት በትክክል እናንተን የሚመለከት ነው። ለመመረቅ ስድስት ሳምንት ያህል የቀራቸው ተማሪዎች ስለ ካምፓስ ሕይወታቸው በተለያዩ ቀናት እንዲጽፉ አደረገች። ገሚሶቹ የቀራቸው ጊዜ ጥቂት እንደሆነ እያሰቡ ጻፉ። ሌሎቹ ገና ብዙ ጊዜ እንዳላቸው እያሰቡ ጻፉ። በእውነታው ለሁለቱም የቀረው ቀን እኩል ነው። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ደስታቸው የጨመረው «ጥቂት ነው የቀረኝ» ብለው ያሰቡት ናቸው። በካምፓሱ ውስጥ በሚደረጉ ነገሮችም የበለጠ ተሳትፈዋል።

13ቱን ምሽቶች እንዲህ አከፋፍሏቸው። ስምንቱ ለሰው። ሁለቱ ለቦታው። አንዱ ለወረቀትና ለፋይል። ሁለቱን ምንም ሳትጽፉባቸው ተዉ። ካምፓስ ውስጥ ጥሩ ጨዋታ በቀጠሮ አይመጣም፤ አንዱ በር አንኳኩቶ «ተነሱ እንውጣ» ሲል ነው የሚመጣው። ለዚያ ሰው ቦታ ያስፈልጋችኋል።

«ካምፓስ ውስጥ ያላደረግኳቸው 50 ነገሮች» የሚል ዝርዝር ማውጣት የሚወዱ አሉ። አልመክርም። በአራት ዓመት ያልሠራችሁትን በ13 ምሽት አትሠሩትም። ሦስት ነገር ብቻ ምረጡ።

ሁለት፦ ሰዎቹን ለዩ

ይኼኛው ይረዝማል። ዋናው ጉዳይ ሰው ስለሆነ ታገሱኝ።

በመጀመሪያ፣ እንዴት እንደተዋደዳችሁ ማወቅ ይጠቅማል። ሊዮን ፌስቲንገርና ሁለት ባልደረቦቹ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ባለትዳር ተማሪዎች በሚኖሩበት ሕንፃ ላይ የሠሩትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1950 አሳተሙ። ነዋሪዎቹን የቅርብ ወዳጆቻቸው እነማን እንደሆኑ ጠየቁ። በራቸው ጎን ለጎን ከሆነው ውስጥ 41 በመቶው የጎረቤታቸውን ስም ጠሩ። በዚያው ኮሪደር ግራና ቀኝ ጫፍ ከሚኖሩት ግን ይህን ያደረጉት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። በመሃላቸው ያለው ጥቂት እርምጃ ነው።

ወዳጅነታችሁ የውሸት ነው ማለት አይደለም። የተሸከመው ኮሪደሩ ነው ማለት ነው። ዶርሙ፣ የላይብረሪው ጠረጴዛ፣ የጋራው ትምህርት። ሳትደዋወሉ ትገናኙ ነበር። ከምረቃ በኋላ ኮሪደሩ ይነሳል። «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» የሚባለው ሰው ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም። ሌላ ምሰሶ ስላልተተከለ ነው።

ምሰሶ መትከል ደግሞ ጊዜ ይበላል። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ሁለት ሰዎች ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ያህል አብረው ማሳለፍ እንዳለባቸው ገምቷል። የልብ ወዳጅ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ ይጠይቃል። የዶርም ልጅ 200 ሰዓት የሚሞላው በጥቂት ሳምንታት ነው። ሥራ ይዛችሁ ከአዲስ ሰው ጋር በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትገናኙ ግን ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለውን በቀላሉ አትልቀቁ።

አሁን ወረቀት አውጡና ስሞቹን በሦስት ረድፍ ጻፉ።

የመጀመሪያው ረድፍ የሚቀጥሉት ናቸው። ከአምስት ስም ባይበልጡ ጥሩ ነው። እነዚህን አትሰናበቷቸውም፤ ቀጠሮ ነው የምታስይዟቸው። «እንደዋወላለን» ቀጠሮ አይደለም። «በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ማታ፤ አንድ ወር አንተ፣ አንድ ወር እኔ እንደውላለን» ቀጠሮ ነው። ካላንደራችሁ ላይ በአንድነት አስገቡት፤ አሁኑኑ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ። ሲያደርጉት ያስቃል። ጋብቻ የተፈራረማችሁ ይመስላችኋል። ግን የሚሠራው እሱ ነው። የባቹ ግሩፕ ያገናኘናል ብላችሁ አትመኩ። ሦስት ወር ሳይሞላው የሥራ ማስታወቂያና የልደት ምኞት መለጠፊያ ይሆናል።

የመጀመሪያውን በአካል የምትገናኙበትን ቀንም ከመለያየታችሁ በፊት ቁረጡ። ከምረቃው በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ይሁን። ከዚያ ካለፈ አንዱ ሥራ ይይዛል፣ አንዱ ከተማ ይቀይራል፣ ሌላው ሥራ አጥቶ መገናኘት ያፍራል። ይህ የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው። አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። «ሥራ ብናገኝም ባናገኝም እንገናኛለን» ተባባሉ።

ሁለተኛው ረድፍ የሚርቁት ናቸው። የላብ ጓደኛችሁ። ግሩፕ ሥራ ላይ የሚያስቃችሁ ልጅ። ፍሬሽ እያላችሁ የማትለያዩት፣ አሁን ግን ሰላምታ ብቻ የቀራችሁ ሰው። ከእነዚህ ጋር ዕድሜ ልክ አትቀጥሉም፤ ይህን ማመን ስንብቱን ቀላል ያደርገዋል። ለእያንዳንዳቸው ሃያ ደቂቃ ይበቃል። አብራችሁ ጥቂት ሂዱ፣ ከዚያ አንድ ነገር ንገሯቸው። አንድ፣ የተለየ፣ እነሱ ያደረጉት ነገር። «ጎበዝ ልጅ ነህ» አይሆንም። «ሁለተኛ ዓመት ላይ ስታቲስቲክስ ሊጥለኝ ሲል ሌሊቱን ሙሉ ያስረዳኸኝ አንተ ነህ፤ እስካሁን አላመሰገንኩህም» ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሰውየው ነገሩን ረስቶታል። ደስ የሚለውም ይሄ ነው።

ሦስተኛው ረድፍ ስማቸውን የማታውቋቸው ናቸው። ጥበቃው። ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፍ የሚመልሱት ሴትዮ። ደረጃውን የሚያጸዱት። ፎቶ ኮፒ ቤት «ነገ ክፈል» የሚላችሁ ልጅ። እኔ ላይብረሪ ውስጥ እንቅልፍ የሚወስደኝ ተማሪ ነበርኩ። ሊዘጋ ሲል የሚቀሰቅሱኝ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ነበሩ። በመጨረሻው ሳምንት ሄጄ «ጋሼ፣ ልመረቅ ነው፤ ለቀሰቀሱኝ ሁሉ ላመሰግንዎት መጣሁ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «አሃ! ያ ጥግ ላይ ያለው እንቅልፋም! ከዚህ በኋላስ ማን ሊቀሰቅስህ ነው?» አሉኝ። ስማቸውን የጠየቅኩት ያን ቀን ነው። አራት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩም ነበር።

እዚህ ረድፍ ላይ ስጦታ አያስጨንቃችሁ። በስማቸው ጠርቶ ማመስገን በቂ ነው። አብሮ ፎቶ መነሳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ፣ ፎቶውንም ላኩላቸው። ተነስቶ የሚጠፋ ብዙ ነው።

ሦስት፦ ኩርፊያና ዕዳ

ነገርን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላሉ። ዛሬ ኩርፊያችሁ የሚፈታው አንድ ኮሪደር ተሻግሮ ነው። ከዓመት በኋላ ስልክ ቁጥር መፈለግ፣ ለመደወል ሰበብ መፈለግ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይተወዋል።

የካምፓስ ጠብ ምክንያቱ ሲነገር ያሳፍራል። ግሩፕ ሥራ ላይ ስሙን ብቻ ያስገባ። ሌሊት መብራት አላጠፋም ያለ። ሳያስፈቅድ ጃኬት ለብሶ የወጣ። እኔ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ያኮረፍኩት ልጅ ነበር። ጥፋቱ አላርም ነው። እሱ ይሞላዋል፣ እኔ እነሳለሁ፣ እሱ ይተኛል።

ይቅርታው አጭር ይሁን። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት፣ ይቅርታ በሉ፣ አቁሙ። «ግን አንተም እኮ…» የምትለዋ ከገባች ሁሉም ፈረሰ። ሰውየው ወዲያው እንዲያቅፋችሁ አትጠብቁ። ለማሰቢያ ጊዜ ስጡት፤ ለዚህም ነው ሥራው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መሠራት ያለበት። በአካል መሄድ ከከበዳችሁ ጻፉ። ግን ሌሊት የጻፋችሁትን ሌሊቱን አትላኩት። ጠዋት አንብቡት። ከተጻፈው ግማሹን ትሰርዛላችሁ።

ሁሉም ኩርፊያ ግን አይፈታም፣ መፈታትም የለበትም። የጎዳችሁ፣ ያስፈራራችሁ፣ ያዋረዳችሁ ሰው ካለ «ለመጨረሻ ጊዜ ላናግረው» የምትለውን ሐሳብ ተዉዋት። ያንን ሰው ለመሰናበት ግዴታ የለባችሁም። ዝም ብሎ መሄድም ስንብት ነው።

ስለ ፍቅርም ልበል፤ የሚጠይቅ አይጠፋም። ለዓመታት በልብ የያዙትን ሰው ከመመረቅ በፊት መንገር ይገባል ወይ? ይገባል። ግን ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ንገሩ። ዋዜማው ላይ ተናግሮ ማግስቱን መሄድ የራስን ሸክም ሰው ላይ አራግፎ መሸሽ ነው። መልስ ለመስማት የሚበቃ ጊዜ ይኑር። መልሱ «አይሆንም» ከሆነም፣ በሰላም ሰላም ተባብሎ ለመለያየት የሚበቃ ጊዜ።

ዕዳው ቀላል ነው። የተዋሳችሁትን መጽሐፍ፣ ቻርጀር፣ ካልኩሌተር ሰብስቡና አንድ ምሽት በየዶርሙ እየዞራችሁ መልሱ። በር ለማንኳኳት ጥሩ ሰበብ ነው፤ ሁለት ሰዓት ያሰባችሁት ዙር አራት ሰዓት ይፈጃል። ያበደራችሁትን ገንዘብ አንዴ ጠይቁ። ካልመጣ ለራሳችሁ «ሰጥቼዋለሁ» በሉና ዝጉት። በሆድ የተያዘ ብድር ጓደኝነት ሲበላ አይቻለሁ።

አራት፦ ለመምህራን

ከመምህራን ጋር መሰናበት ብዙዎች የሚዘሉት ነገር ነው። «ምን ብዬ እገባለሁ?» ብለው ያፍራሉ። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ይመለከታል። ሰዎች የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉ አደረጉና ተቀባዩ ምን የሚሰማው ይመስላችኋል ብለው ጠየቁ። ከዚያ ተቀባዮቹን ራሳቸውን ጠየቁ። ጸሐፊዎቹ የተቀባዩን መገረምና ደስታ አሳንሰው ገምተው ነበር። «ግራ ይገባዋል» ያሉትን ደግሞ አጋንነውት ነበር።

ስለዚህ ጻፉ። ሁለት ወይም ሦስት መምህር ይበቃል፤ ለሁሉም የሚላክ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለማንም እንዳልተጻፈ ነው። ቅርጹ እንደዚህ ሊሆን ይችላል፦

«መምህር፣ ሦስተኛ ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ያስተማሩኝ ተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ወረቀቴን ሲመልሱልኝ ጠርዙ ላይ ‹ይህን ሐሳብ ለምን ፈራኸው?› ብለው ጽፈውበት ነበር። ወረቀቱን እስካሁን አልጣልኩትም። የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ የመረጥኩት ያንን ጥያቄ እያሰብኩ ነው። በሚቀጥለው ወር እመረቃለሁ። ከመሄዴ በፊት እንዲያውቁት ፈለግኩ። አመሰግናለሁ።»

ይኸው ነው። የጻፋችሁት ነገር እውነት ይሁን እንጂ አጻጻፉ አያስጨንቃችሁ።

የድጋፍ ደብዳቤ የምትፈልጉ ከሆነ ከዚህ ጋር አታደባልቁት። ምስጋናው መደለያ ይመስላል። ለየብቻ፣ በሳምንት ልዩነት አድርጉት። መምህሩ ፊታችሁን ሳይረሳ አሁን ጠይቁ፤ ከሁለት ዓመትና ከብዙ መቶ ተማሪ በኋላ ስማችሁ ስም ብቻ ነው። ስትጠይቁ የወሰዳችሁትን ኮርስ፣ ዓመቱን፣ ውጤታችሁን፣ የሠራችሁትን ፕሮጀክትና ሲቪያችሁን አያይዙ። ዛሬ ባትፈልጉትም «ወደፊት ብጠይቅዎ ፈቃደኛ ነዎት?» በሉና የማይቀየር ኢሜይላቸውን ተቀበሉ።

አምስት፦ ቦታውን መሰናበት

ሰው ዕድሜው ከ40 ካለፈ በኋላ ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ባለው ጊዜ የሆነውን ከሌላው የበለጠ እንደሚያስታውስ አጥኚዎች ደጋግመው አሳይተዋል። የካምፓስ ዓመታት መሃሉ ላይ ናቸው። ትዝታው እንደሆነ ይቀራል። ጥያቄው ምን ዓይነት ሆኖ ይቀራል ነው።

ፎቶ ብቻውን አያስቀረውም። ሊንዳ ሄንከል የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ተማሪዎችን ሙዚየም አስጎበኘች። አንዳንዱን ዕቃ እንዲያዩት ብቻ፣ አንዳንዱን ፎቶ እንዲያነሱት አዘዘች። በማግስቱ ሲጠየቁ ፎቶ ያነሷቸውን ዕቃዎች ካዩዋቸው ያነሰ አስታወሱ። ካሜራውን አቅርበው የዕቃውን አንድ ክፍል ያነሱት ግን እንዲህ አልሆኑም። ለማቅረብ ማየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ የሕንፃውን ፊት አታንሱ። ድረ ገጹ ላይ አለላችሁ። የዶርሙን በር እጀታ አንሱ። ጠረጴዛው ላይ ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው የቀረጸውን ስም፣ ሁልጊዜ የምትቀመጡበትን ወንበር እግር፣ በኮምፓስ የተበሳሳውን ግድግዳ። ክፍላችሁን ደግሞ ሻንጣ ከመሸከፋችሁ በፊት እንደተዝረከረከ አንሱት። ሁሉም ሰው ባዶውን ክፍል ነው የሚያነሳው። ባዶ ክፍል የማንም ክፍል ነው።

ድምፅም ቅዱ። የአንድ ደቂቃ ይበቃል። የምሽት ኮሪደር፣ የባልዲ ኳኳታ፣ አንዱ ከታች ፎቅ ሲጣራ። እኔ ያለኝ የ40 ሰከንድ ቅጂ ነው፤ በስህተት የተቀዳ። ስለ ምንም የማይረባ ነገር እየተከራከርን ነው። ከፎቶዎቼ ሁሉ እሱን እመርጣለሁ።

ከሁለቱ የቦታ ምሽቶች አንዱን ከሰዎች ጋር፣ አንዱን ብቻችሁን ሂዱ። ለብቻችሁ ስትሄዱ የመጀመሪያውን ቀን መንገድ ተከተሉ። ከበሩ፣ ወደ ሬጅስትራሩ፣ ወደ መጀመሪያው ዶርማችሁ። ያን ቀን ምን ፈርታችሁ እንደነበር አስታውሱ። ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ተራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ጻፉ። ልዩውን ቀን ሁሉም ይጽፈዋል። ተራ ማክሰኞ ነው የሚጠፋው።

ስድስት፦ ወረቀትና ፋይል

አሰልቺ ነው። ቶሎ ቶሎ እንለፈው፤ ግን አትዝለሉት።

የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ከምረቃ በኋላ መቼ እንደሚዘጋ የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ። በዚያ ኢሜይል የተከፈቱ አካውንቶችን ሁሉ ወደ ግል ኢሜይላችሁ ቀይሩ። ክላውዱ ላይ ያለውን ፋይል አውርዱ፤ የጋራ የሆነውን ኮፒ አድርጉ። በተማሪነት በነፃ የምትጠቀሙባቸው ሶፍትዌሮችና በላይብረሪው በኩል የምታገኟቸው የጥናት ጽሑፎችም አብረው ይዘጋሉ። የሚያስፈልጋችሁን አሁን ያዙ። የጻፋችሁትን ሁሉ በፒዲኤፍም አስቀምጡ።

ሦስት ኮፒ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። የኮምፒውተር ሰዎች ሕግ ነው። ላፕቶፕ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ክላውድ ካላችሁ ተሟላ። ፍላሽ ብቻ ማለት ምንም ማለት ነው።

ዲፕሎማው ሳይታተም ስማችሁ የሚጻፍበትን ፊደል ከመታወቂያችሁና ከፓስፖርታችሁ ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል በኋላ ብዙ ቢሮ ያዞራል። ይፋዊ ትራንስክሪፕት ከአንድ በላይ ጠይቁ። የኮርስ አውትላይኖቻችሁን አትጣሉ። ሌላ አገር ወይም ሌላ ተቋም ትምህርት ለመቀጠል ስታመለክቱ «ይህ ኮርስ ምን ይዟል?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ያኔ ማንም አይሰጣችሁም። ክሊራንሱን ደግሞ መጨረሻ ሳምንት ላይ አትጀምሩ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው።

ሰባት፦ ዕቃ

ሁለት ሻንጣ ይዛችሁ መጥታችሁ ከነበረ በሁለት ሻንጣ ለመውጣት ሞክሩ። ባልዲ፣ መደርደሪያ፣ መብራት ለጁኒየሮች ይቅር። ኖታችሁንም ስጡ፤ ከዳሩ ላይ «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል» ብላችሁ የጻፋችሁበትን አትደልዙ። ክበብ ውስጥ ኃላፊነት ካላችሁ ፓስወርዱንና የስልክ ቁጥሮቹን በጽሑፍ አስረክቡ። ከእናንተ ጋር የሚሄደው ትዝታ አንድ የጫማ ካርቶን ይሙላ። ከዚያ የሚተርፈውን ከአምስት ዓመት በኋላ ትጥሉታላችሁ።

ስምንት፦ የመጨረሻው ምሽት

ትልቁን ፓርቲ የመጨረሻው ምሽት ላይ አታድርጉት። ይህን ምክር ብዙ ሰው አይቀበለኝም፤ ግን ምክንያት አለኝ። ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ሰዎችን እጃቸውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንዲያስገቡ አደረጉ። አንዴ ለ60 ሰከንድ፣ 14 ዲግሪ ውኃ ውስጥ። ሌላ ጊዜ ያንኑ 60 ሰከንድ አስቆይተው፣ ተጨማሪ 30 ሰከንድ ውኃው ቀስ እያለ ወደ 15 ዲግሪ ሲሞቅ እንዲታገሱ አደረጉ። «የትኛው ይደገምላችሁ?» ሲባሉ ብዙዎቹ የረዘመውን መረጡ። ስቃዩ ረዝሟል፤ አጨራረሱ ግን ለስላሳ ነው። ሰው አንድን ነገር ሲያስታውስ ጫፍ ላይ የደረሰበትን ቅጽበትና መጨረሻውን ነው አጥብቆ የሚይዘው።

የካምፓሳችሁ መጨረሻ ድካም፣ ጩኸትና የጠፋ የዶርም ቁልፍ ከሆነ፣ አራት ዓመቱን ያ ነገር ይጎትተዋል። ፓርቲውን ከአራት ወይም አምስት ቀን በፊት ጨርሱ። የመጨረሻው ምሽት የዶርማችሁ ልጆች ብቻ ይሁኑ። ስልክ ይራቅ። ሁሉም ተራ በተራ «እዚህ ክፍል ውስጥ በጣም የሳቅኩበት ቀን» ብሎ ያውራ። ማልቀስ የመጣበት ያልቅስ፣ አይሾፍበት። ከዚያ በጊዜ ተኙ። እውነቴን ነው። ነገ ቤተሰብ ይመጣል።

ማን መቼ እንደሚሄድ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ባዶ ክፍል ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ሰው ነው የሚጎዳው። ከቻላችሁ ሁለት ሆናችሁ ውጡ። በሩን አብራችሁ ቆልፉ።

ካምፓስ ያልተመቻችሁ ወይም ከባቹ ጋር የማትመረቁ

ሁሉም ሰው ካምፓስን አይናፍቅም። ብቻውን የበላ፣ ብቻውን የተፈተነ፣ ቀን ሲቆጥር የኖረ ተማሪ አለ። የሌሎችን እንባ እያየ «እኔ ምን ጎደለኝ?» ይላል። ምንም አልጎደላችሁም። ከላይ ካለው ሁሉ የሚስማማችሁን አንድ ውሰዱና ሌላውን ተዉት። ያስተማረቻችሁ አንዲት መምህርት፣ የተጠለላችሁበት አንድ ወንበር ይበቃል።

አንድ ኮርስ ወድቃችሁ ጓደኞቻችሁ እናንተን ትተው የሚመረቁ ከሆነ ደግሞ አትደበቁ። ብዙዎች ያን ሳምንት ስልክ አጥፍተው ይጠፋሉ። በኋላ የሚቆጨው ውድቀቱ ሳይሆን ያ ሳምንት ነው። ምረቃው ላይ መገኘት ከከበዳችሁ አትገኙ። ትንሿ የዶርም ምሽት ላይ ግን ተገኙ። የምትመረቁትም፣ እንዲህ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ምሽቱን ከውጤት ወሬ አርቁት። ስትለያዩም በምን ቀን ልትጠይቁት እንደምትመጡ ነግራችሁት ሂዱ።

ከወጣችሁ በኋላ

«ኖስታልጂያ» የሚለውን ቃል የፈጠረው ተማሪ ነው። ዮሐንስ ሆፈር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1688 በስዊዘርላንዷ ባዝል ለሕክምና ትምህርቱ ባቀረበው ጽሑፍ ውስጥ፣ «መመለስ» እና «ሕመም» የሚሉትን የግሪክ ቃላት አጋጥሞ ሠራው። ዕድሜው 19 ገደማ ነበር። ናፍቆትን እንደ በሽታ ነው የመዘገበው። ከጻፋቸው ታማሚዎች አንዱ ከበርን ከተማ ወደ ባዝል ለትምህርት የሄደ ወጣት ነው። ወደ ቤቱ ሲመልሱት ገና መንገድ ላይ ሳለ ተሻለው።

የእናንተው ናፍቆት እንዲህ አይድንም፤ የምትናፍቁት ቦታውን ብቻ አይደለማ። በሁለተኛው ወር ካምፓስ ብትመለሱ አልጋችሁ ላይ ሌላ ልጅ ተጋድሟል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ባትሄዱ ይሻላል። በዚያ ፈንታ አሁን፣ ይህን እያነበባችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ከምረቃው 30 ቀን በኋላ የሚጮህ ማስታወሻ ሙሉ። «ጓደኞቼን ልጠይቅ» ብላችሁ አትጻፉ። አንድ ስምና አንድ ጥያቄ ጻፉ። «እናቱ ተሻላቸው ወይ?» ወይም «ያ ቃለ መጠይቅ ምን ሆነ?» ማስታወሻው ሲጮህ ምን ብዬ ልጀምር ብላችሁ አትጨነቁም።

እኔ ማስታወሻ አልሞላሁም ነበር። ለዚያ መኪና ውስጥ ላየሁት ጓደኛዬ የደወልኩት ስድስት ዓመት ቆይቼ ነው። ቁጥሩን ለማግኘት ሦስት ሰው አስቸግሬያለሁ። «ማን ልበል?» አለኝ። ስሜን ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ።

«ያን አበባ ግን ምን አደረግከው?»